ከአንድ እስከ አምስት ሰዓት

ድንቅነሽ ቂመኛ ናት። ሐሜት አይደለም፤ ራሷም አትክደውም። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብለው ሲተርቱባት፣ «እኔ መቼ ሳልኩ?» ብላ ታልፋቸዋለች። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ቫይትቬት በሚባል የኦስሎ ሰፈር ከእኔ ቤት በላይ ባለው ፎቅ ትኖራለች። በዕድሜ ብትበልጠኝም አንቱ ስላት ስለምትቆጣ አንቺ እላታለሁ። ኦስሎ ከገባች ሃያ አንድ ዓመት ሆኗታል። ከዚህ ውስጥ አሥራ ስድስቱን ዓመት ያሳለፈችው መሀል ከተማው ሴንትሩም ውስጥ፣ ወደቡ አጠገብ ያለ አንድ ትልቅ ሕንፃ ስታጸዳ ነው።

ሰው የጽዳት ሠራተኛ ሲባል የሚታየው መወልወያ ብቻ ነው። እኔ ነርስ ስለሆንኩ ይህን ንቀት ከሩቅም ቢሆን አውቀዋለሁ፤ ሐኪሙ የማያውቀውን የበሽተኛ ነገር የሚያውቅ አልጋ አንጣፊው ነው። ድንቅነሽም የትኛው ቧንቧ በየትኛው ግድግዳ እንደሚያልፍ፣ የትኛው በር ሲረጥብ እንደሚያብጥ፣ የትኛው ስሉክ ነፋስ ከመነሣቱ በፊት እንደሚሸት ታውቃለች። ስሉክ የምንለው ወለል ላይ ያለውን የፍሳሽ ቀዳዳ ነው። የእሷም ጣጣ የመጣው በዚያ ቀዳዳ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን የዚያኑ ሕንፃ ምድር ቤት ተከራይታ ታመልክ ነበር። ደረጃ ወርደን የምንገባበት አንድ አዳራሽ አለ፤ ከአዳራሹ ጎን ደግሞ ትንሽ ማድ ቤት። ቦታውን ያገኘችልን ድንቅነሽ ናት። ቁልፉም እሷ ዘንድ ነበር፤ እሑድ ከሁሉ ቀድማ ትከፍታለች፣ ወለሉን ትወለውላለች፣ ወንበር ትደረድራለች። መዘምራኑ በድምፃቸው ያገለግላሉ፣ ሰባኪው በአፉ፣ እሷ በወለሉ። ከዚህ የተለየ ጸጋ አለኝ ብላ አታውቅም፤ ይህን ግን ማንም እንዲነካባት አትፈልግም ነበር።

እኛ የደጋ ሰዎች ነን። ጎርፍ ሲባል የሚታየን ከተራራ የሚወርድ፣ ድንጋይ የሚያንከባልል ድፍርስ ውሃ ነው። ባሕር ከታች ተነሥቶ፣ በቧንቧ ውስጥ ሽቅብ ተጉዞ፣ በወለል ቀዳዳ ብቅ ይላል ቢሉን በልባችን እንስቃለን። ድንቅነሽ ግን የሕንፃው ጠባቂ የሆነው ሽማግሌ ኖርዌጂያን፣ ኦድቫር፣ ሲነግራት በደንብ ሰምታዋለች። ነፋስ ከደቡብ ቀኑን ሙሉ ሲነፍስና አየሩ ሲከብድ ከተማው ድረስ የሚገባው የባሕር ሰርጥ፣ ፊዮርዱ፣ ያብጣል፤ ወደ ባሕር የሚፈስሰው ቧንቧ አፉ ከውሃው በታች ይሆንና ውሃው መልሶ ወደ ቤት ይመጣል። ስቶርምፍሎ ይሉታል። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በመስከረም መጀመሪያ፣ ድንቅነሽ ሁለት ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ፊት ቀርባ «ስሉኩ ጨው ጨው እየሸተተ ነው፤ መድፈኛ ይደረግለት» ብላ ነበር። ተባረኪ ብለው ሸኟት።

በሳምንቱ አዳራሹ በውሃ ተሞላ። ምንጣፉ፣ ኪቦርዱ፣ በካርቶን የነበረው መጽሐፍ ቅዱስ ሁሉ ተበላሸ።

ስብሰባ ተጠራ። የቤተ ክርስቲያናችን ጸሐፊ ገነነ ነው፤ ዶክተር ገነነ። ዶክተርነቱ ደግሞ የውሃ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ የአገራችን ወንዞች ምን ያህል አፈር ጠርገው እንደሚወርዱ አጥንቷል። እንግዲህ የእሱም ውሃ እንደ እኛው ውሃ ቁልቁል የሚወርድ ነው። ኮምፒውተሩን ከግድግዳው ጋር አገናኝቶ ሥዕል አሳየን፣ ቀስት አሳየን። ከዚያ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ «ውሃ ሽቅብ አይፈስም። ይህን ለማወቅ እንኳን ዶክትሬት፣ አራተኛ ክፍልም አያስፈልግም» አለ። እሱ እንደሚለው፣ የጽዳት ባልዲ የሚሞላበት ቧንቧ ክፍት አድሯል፤ ክፍት የተወችው ቁልፍ ያላት ናት። «እህት ድንቅነሽ፣ ስለ አገልግሎትሽ እናመሰግናለን፤ ቁልፉን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጪልን።»

ሰው ሳቀ። በውሃው ቀልድ ይሁን በእሷ አላውቅም፤ ብቻ እኔም ሳቅኩ።

ድንቅነሽ ቁልፉን አስቀምጣ ወጣች። ከመቶ ሃያ ሰው ውስጥ አፉን የከፈተው አንድ ሰው ነው፤ የሰባ አንድ ዓመቷ እትዬ ጸዳለ። ጉልበታቸውን ደግፈው ተነሡና፣ «ይህች ልጅ እንኳን ቧንቧ፣ መስኮት ከፍታ የምትረሳ አይደለችም» ብለው ተቀመጡ። የአዳራሹ ቁልፍ በኋላ እንዲያውም ለእሳቸው ተሰጠ፤ እሺ ያሉትም ድንቅነሽ እስክትመለስ እይዝላታለሁ ብለው ነው።

ወር ሳይሞላ የቧንቧ ባለሙያ መጥቶ መርምሮ ወረቀት ጻፈ። ውሃው የባሕር ነው፣ የገባውም በስሉኩ ነው ይላል። አንዱ ቅጂ ለኦድቫር ደረሰው፤ አንዱ ለጸሐፊያችን። ገነነ አነበበውና መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ለማንም አልተናገረም። ድንቅነሽ ግን የኦድቫርን ጠረጴዛ ስታጸዳ አየችውና በስልኳ አነሣችው።

ያን ጊዜ ብታሳየን ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር። ለምን እንዳላሳየች ስጠይቃት፣ «ወረቀት ባሳያቸው ‹ይቅርታ እህት› ብለው በአንድ ቃል ያልፉታል። እኔን ሲያዋርዱኝ በአንድ ቃል አልነበረም። ውሃው ራሱ መጥቶ እንዲመሰክርልኝ ነው የምፈልገው» አለችኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ቤተ ክርስቲያኑን ተወች፤ እትዬ ጸዳለን ብቻ በየሳምንቱ በስልክ ታገኛለች። ሰው በሚጸልይበት የማለዳ ሰዓት እሷ ስልኳን ከፍታ የባሕሩን ከፍታ ታያለች። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳታጓድል አየች።

ባለፈው ጥቅምት ውሃዋ መጣላት።

ረቡዕ ዕለት ማስጠንቀቂያ ወጣ፤ ቅዳሜ ከባድ ስቶርምፍሎ፣ ጫፍ የሚደርሰውም በፈረንጅ አቆጣጠር ከቀኑ ሦስት ሰዓት፣ በእኛ ዘጠኝ ላይ። ጀልባ ያለው ጀልባውን ያጥብቅ፣ ወደቡ ዳር መኪና የተወ ያንሣ፣ ምድር ቤት ያለው ዕቃውን ከወለል ያውጣ፣ ማንም ወደ ታች አይውረድ። ኦድቫር ማስታወቂያውን አትሞ የሠራተኞች በር ላይ ለጠፈው። በዚያው ዕለት ጸሐፊያችን በቤተ ክርስቲያኑ የቴሌግራም ቡድን እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«ውድ ቅዱሳን፣ ቅዳሜ ስቶርምፍሎ ይጠበቃል። የባሕር ውሃ በወለሉ ፍሳሽ በኩል ሽቅብ ሊገባ ስለሚችል ከ1 እስከ 5 ሰዓት ማንም ወደ አዳራሹ እንዳይወርድ። ተባረኩ።»

ገነነ አሥራ አምስት ዓመት በኖርዌጂያን ሰዓት ነው የኖረው። አንድ ሰዓት ሲል ከምሳ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ነው የታየው፤ እኛ ሰባት የምንለው። አምስትም ሲል አሥራ አንድ ማለቱ ነው። ሥራ ላይ ሆኖ በችኮላ ጻፈው፣ ላከው፣ ረሳው። የእናቶች ጸሎት ግን በየቅዳሜው በስምንት ሰዓት ነው፤ እናቶቹም ስምንት የሚሉት በእኛው ስምንት ነው። ለእነሱ አንድ ሰዓት ማለት ጠዋት ነው። ከአንድ እስከ አምስት ውሃው መጥቶ ይሄዳል፤ ስምንት ላይ መጸለይ ይቻላል። በአንድ ቋንቋ የተጻፈ መልእክት በሁለት ሰዓት ተነበበ ማለት ነው።

እትዬ ጸዳለ ግን ጠርጣራ ናቸው። ለድንቅነሽ ደውለው መልእክቱን አነበቡላት። ድንቅነሽ በዚያች ሰዓት ስልኩን በትከሻዋ ይዛ፣ ኦድቫር የለጠፈው ማስታወቂያ ፊት ቆማ ነበር። ከ13 እስከ 17 ይላል።

«ይሄ አንድ ሰዓት የጠዋቱ ነው አይደል?» አሉ እትዬ ጸዳለ። «በእኛ ነው በፈረንጅ?»

ድንቅነሽ ወዲያው ገባት። ከሰዓቱም በፊት የገባት ደግሞ አንዷ ቃል ናት፤ ሽቅብ። መቶ ሃያ ሰው ያሳቀባትን ቃል፣ ስሟን ሳያነሣ፣ ራሱ እንዳገኘው አድርጎ ጽፎታል። «ቃሌን ወስዶ ተባረኩ አለበት» ትላለች እስካሁን።

«እትዬ፣ የጻፈው ዶክተር አይደል?» አለቻቸው። «በአማርኛ ከጻፈ በአማርኛ ያንብቡት።»

«እንግዲያው ለስምንት ሰዓቱ ችግር የለም ማለት ነው።»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ውሃ ሽቅብ አይፈስም ተብዬ የለ?»

እትዬ ጸዳለ ሳቁና ስልኩን ዘጉ። ለቀሩት ስድስት የጸሎቱ እናቶች ደውለው ጸሎቱ እንዳለ ነገሯቸው።

ድንቅነሽ ይህን ሁሉ የነገረችኝ በኋላ ነው፤ ስትነግረኝም አልተሸማቀቀችም። ሐሳቧ ግልጽ ነበር። ያለፈው ጊዜ ውሃው ጫፍ ከመድረሱ አንድ ሰዓት በፊት የነበረው ቁርጭምጭሚት ድረስ ነው። እናቶቹ ስምንት ሰዓት ሲመጡ ወለሉ ላይ ቀጭን ውሃ ያገኛሉ፣ ጫማቸው ይርሳል፣ ተደናግጠው ይወጣሉ። ማን ነው ወደ ውሃ የጠራን ይላሉ። እሷ ደረጃው አናት ላይ ቆማ ትጠብቃቸዋለች። ሰባቱም ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ነበሩ፣ ከእትዬ ጸዳለ በቀር ሁሉም ዝም ብለዋል፤ እግራቸው ቢርስ ምን አለበት? ቅዳሜ ተራዋ ባይሆንም ከሌላ ሠራተኛ ጋር ተለዋውጣ ገባች።

ሐሙስና ዓርብ እንዴት እንደሠራች ኦድቫር ነው የነገረኝ። በሕንፃው ሌላ ክንፍ የአንድ ድርጅት መዝገብ የተቀመጠበት ምድር ቤት አለ፤ እሱ በእሷ እጅ ነው። ካርቶኖቹን ሁሉ ከወለል አንሥታ ከመደርደሪያው ሁለተኛ ረድፍ በላይ አስቀመጠች። የኤሌክትሪክ ማራዘሚያዎቹን ነቅላ ምስማር ላይ ሰቀለች። ስሉኩ ውስጥ በአየር የሚነፋ የጎማ መድፈኛ ከትታ እስኪወጠር ነፋችው፣ በላዩ የአሸዋ ከረጢት ጫነችበት። የሽንት ቤቱንም አፍ እንዲሁ። የመብራቱን ዋና ማጥፊያ በቀላሉ እንዲታይ ቀይ ፕላስተር ለጠፈችበት። ኦድቫር መድፈኛ የሰጣት ሁለት ነበር፤ አንዱ ለመዝገቡ ክፍል፣ አንዱ ለእኛ አዳራሽ። የእኛን ጋሪዋ ላይ ተወችው። ቁልፉን ወስደውብኝ የለ፣ በየት ገብቼ ልድፈነው አለች። እትዬ ጸዳለን ብትጠይቅ በደቂቃ ይከፍቱላት ነበር።

ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ነፋሱ ከደቡብ ያፏጭ ነበር። ድንቅነሽ ሁለተኛው ፎቅ መስኮት ላይ ሆና ወደቡ ዳር ያለውን የድንጋይ ደረጃ ትቆጥራለች። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ አራት ደረጃ ሊታይ ይገባ ነበር፤ የታየው አንድ ነው። መጀመሪያ ስትቆጥር የተሳሳተች መሰላትና ደግማ ቆጠረች። ባሕሩ ከትንበያው ሠንጠረዥ ቀድሞ ነበር።

ሮጣ ወደ እኛ በር ወረደች። በሩ ክፍት ነው። መብራት በርቷል። ደረጃው አናት ላይ ባለው መስቀያ የእትዬ ጸዳለ ቡናማ ካፖርት ተሰቅሏል።

እትዬ ጸዳለ በሕይወታቸው በሰዓቱ ደርሰው አያውቁም፤ ሁልጊዜ ቀድመው ነው የሚደርሱት። ያን ቀንም ወንበር ለመደርደርና ሻይ ለማፍላት ገና ከሰባት በፊት ገብተው ነበር። ሙቀት እንዳይወጣ የማድ ቤቱን በር ዘግተዋል። ጆሯቸው ደከም ያለ ስለሆነ አዳራሹ ውስጥ ውሃው ሲንፎለፎል አልሰሙም። በበሩ ሥር ገብቶ እግራቸውን ሲነካቸው ግን ሊወጡ በሩን ገፉት፤ በሩ ወደ አዳራሹ የሚከፈት ነው፤ የአዳራሹ ውሃ በሙሉ ደግሞ በሩን ከወዲያ ተደግፎት ቆሟል። አልተነቃነቀም።

ድንቅነሽ ከደረጃው ግርጌ ውሃው ከጉልበት በላይ እንደሆነ አየች። መጀመሪያ ያደረገችው ደረጃው አናት ላይ ያለውን የመብራቱን ዋና ማጥፊያ መገልበጥ ነው። ቀጥሎ አንድ መቶ አሥር ደወለች። የእሳት አደጋው ሰው አድራሻውን ከተቀበለ በኋላ እንዳትወርጂ አላት፤ ልክ ነው፣ ውሃ በገባበት ምድር ቤት አይወረድም፤ በሩ አንዴ ከያዘ የወረደውም አብሮ ይቀራል። «ያ፣ ያ» አለችው፣ እሺ እሺ እንደማለት፣ በኖርዌጂያኑ አፍ፤ ስልኩን ደረጃው ላይ አስቀምጣ ወረደች።

ያ ውሃ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ በሠራሁባቸው የሆስፒታል ክፍሎች ከውሃ የወጡ ሰዎችን ስላየሁ አውቃለሁ። ሰው ጡንቻውን ማዘዝ ያቆማል። ድንቅነሽ በጨለማው ግድግዳውን እየዳበሰች የማድ ቤቱ በር ደረሰች፣ ስማቸውን ጠራች። ከውስጥ «እዚህ ነኝ» አሏት። ድምፃቸው የተረጋጋ ነበር፤ ይህ ነው ይበልጥ ያስፈራት።

ከኋላዋ ውሃ እየተንቦጫረቀ ሰው መጣ። ገነነ ነው። ለአንዷ እናት ለሌላ ጉዳይ ደውሎ፣ «እንግዲህ ስምንት ሰዓት እንገናኛለን» ስትለው ነው ደንግጦ የመጣው። ካፖርቱን ሳያወልቅ ገባና የበሩን እጀታ በሁለት እጁ ይዞ ይስብ ጀመር። ግድግዳውን ረግጦ ሳበ። እጀታው ተነቅሎ በእጁ ቀረ።

«ተወው» አለችው ድንቅነሽ። «በሩን የያዘው ውሃው ነው። ወዲህና ወዲያ እኩል ካልሆነ አይከፈትም።»

«እንዴት ነው እኩል የሚሆነው?»

ድንቅነሽ አፏን ወደ በሩ አስጠግታ፣ «እትዬ፣ ጠረጴዛው ላይ ይውጡ! ውሃ ላስገባብዎት ነው!» ብላ ጮኸች። ከግድግዳው የእሳት ማጥፊያውን ነቀለችና የበሩን የታችኛውን ስስ ሳንቃ በቂጡ መታችው። ሦስቴ መታችው፤ በአራተኛው ተሰበረ። ውሃው በቀዳዳው እየተሽቀዳደመ ገባ። ከውስጥ ዕቃ ሲወድቅ፣ ብርጭቆ ሲሰበር ተሰማ። ዶክተሩ የተነቀለውን እጀታ እንደያዘ ቆሞ ያያል። ትንሽ ቆይቶ ድንቅነሽ ጣቶቿን በስንጥቁ አስገብታ ስትስበው በሩ እሺ አለ።

እትዬ ጸዳለን በሁለት በኩል ይዘው ደረጃውን ሲወጡ የእሳት አደጋ ሰዎች ደረሱ። ውጭ እናቶቹ ጃንጥላቸውን ከነፋሱ ጋር እየታገሉ ቆመዋል፤ ስድስቱም ለስምንት ሰዓቱ ጸሎት መጥተው። አንዷ ገነነን፣ «አንተ አይደለህ ወይ ከአምስት ሰዓት በኋላ ይቻላል ያልከን?» አለችው። ገነነ ምንም አልገባውም። ስልኩን ከረጠበው ኪሱ አውጥቶ የራሱን መልእክት አነበበ። አንድ ጊዜ አነበበው፣ ደገመው፣ ከዚያ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

ድንቅነሽ ይህን ፊት ሦስት ዓመት ጠብቃዋለች። ደስ አላላትም ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ግን ደስ ብሏታል። ያን ዕለት ማታ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ሁሉንም ስትነግረኝ፣ እዚህ ቦታ ላይ ስትደርስ ፈገግ አለች።

እትዬ ጸዳለ ሆስፒታል ሦስት ቀን ቆዩ። ሐሙስ ዕለት ትሮስተሩድ የሚባል ሰፈር ወዳለው ቤታቸው አብረን ሄድን። ጉልበታቸው ታስሮ ሶፋ ላይ ተጋድመዋል። እኔን ሳሙኝ። ድንቅነሽ ልትስማቸው ስታጎነብስ ፊታቸውን አላዞሩም፣ አላቀረቡትምም።

«ረቡዕ ጠይቄሽ ነበር» አሏት።

ድንቅነሽ ተቀመጠች።

«ከሰው ሁሉ አንቺን የጠየቅኩት ስለምታውቂ ነው። በእኛ ነው በፈረንጅ አልኩሽ። ምን አልሽኝ?»

«ቁርጭምጭሚት ብቻ ነበር ያሰብኩት፣ እትዬ። እውነቴን ነው። ጫማ እንዲርስ ብቻ።»

«የማንን ጫማ?»

ድንቅነሽ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም፤ ያን ቀንም አላለቀሰችም።

«ገነነ መጥቶ እግሬ ላይ ወድቋል» አሉ እትዬ ጸዳለ። «ይቅር ብዬዋለሁ። እሱ ስቶ ነው፤ ሰው ይስታል። እሑድ ሕዝቡ ፊት ሊናዘዝ ነው፤ የደበቀውን ወረቀትም ሊናገር ነው። ስምሽ ይመለስልሻል። ማይክሮፎኑንም ይሰጡሻል። ያን ጊዜ ረቡዕ ያልሽኝን ቃል እዚያው ተናገሪ። እኔም እዚያው ይቅር እልሻለሁ። ካልተናገርሽ ግን እኔ ለማንም አልናገርም፤ ይቅርም አልልሽም።»

በባቡር እየተመለስን ነበር። ጦየን ጣቢያ ላይ ስንቀይር ድንቅነሽ፣ «እትዬስ እንዴት እንዲህ ቂም ይይዛሉ?» አለችኝ። ቀልዷን መስሎኝ አየኋት። አልነበረም።

እሑድ አዳራሹ ገና ስላልደረቀ ቫይትቬት አንድ የትምህርት ቤት ጂም ውስጥ ተሰበሰብን። ሰው ሞልቶ በግድግዳው ዳር ቆሟል። ገነነ ወጣ። ያለ ሥዕል፣ ያለ ቀስት ተናገረ። ውሃው ሽቅብ እንደሚመጣ ድንቅነሽ ነግራን እንደነበር፣ እሱ እንደሳቀባት፣ የባለሙያው ወረቀት ደርሶት ሦስት ዓመት እንደደበቀው፣ ሰዓቱን አሳስቶ ጽፎ ሰው ሊያጠፋ እንደነበር፣ ያዳነችውም ያዋረዳት ሴት እንደሆነች ተናገረ። ከዚያ ተንበረከከ። የአንድ ቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ፣ ዶክተር፣ የቅርጫት ኳስ መስመር በተሰመረበት ወለል ላይ ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ። ስድስቱ እናቶች አለቀሱ።

ድንቅነሽ ሰማያዊ ጉርድና ኮቷን ለብሳ ነበር። ማይክሮፎኑን ተቀበለች። እትዬ ጸዳለ ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸውን ከእሷ አላነሡም። ድንቅነሽም አየቻቸው። አፏን ስትከፍት የረቡዑን ልትናገር ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ቁልቁል አየች፤ የተደፋውን የገነነን ራስ። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ወንድም ገነነ» አለች፣ «በጌታ ስም ይቅር ብዬሃለሁ።»

ጂሙ በእልልታና በጭብጨባ ተናጋ። ሃሌሉያ ተባለ። ሽማግሌዎቹ እየወጡ አቀፏት፤ እንዲህ ያለ ልብ ከየት ይገኛል አሉ። ምሕረትን ከእህት ድንቅነሽ እንማር አሉ። እሷም አንገቷን ደፋ አድርጋ ተቀበለች። ከሦስት ዓመት በላይ የተመኘችውን ሁሉ፣ ከነትርፉ፣ በዚያች አንዲት ዐረፍተ ነገር አገኘች።

እትዬ ጸዳለ አላጨበጨቡም። ምርኩዛቸውን ተክለው ተነሡና በጎን በር በኩል ወጡ። ጉልበታቸው ገና ስላልዳነ በሩ ጋ እስኪደርሱ ብዙ ቆዩ። ሁሉም ቆሞ ያጨበጭብ ስለነበር በሩን የከፈተላቸው ሰው አልነበረም፤ ራሳቸው በትከሻቸው ገፉት።

ወደ ቤት በእግራችን ስንሄድ ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ ድንቅነሽን ይስማት ነበር። ደረጃችን ጋ ስንደርስ ክንዴን ያዘችኝ።

«እትዬ ጸዳለ የወጡት ጉልበታቸውን አሟቸው ነው፣ አይደል?» አለችኝ።

«ያ» አልኳት፣ «ጉልበታቸውን ነው።»